ገረድ የሚለቀምበት እሑድ

የዚያን ሐሙስ ሀቡቡ፣ የአቧራው ማዕበል፣ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባት። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ የሚባል አልነበረም፤ ሰማዩ ነጥቶ፣ ግድግዳው ሁሉ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ልብስ ከገመድ ላወርድ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሳለሁ በደቡብ በኩል ቀይ ተራራ የመሰለ አቧራ ቆሞ አየሁ። አንሶላዎቹን አቅፌ ደረጃውን ሳልጨርስ ቀኑ ጨለመ፤ መብራትም ጠፋ። በካርቱም የሀብታሞች ሰፈር በአል-ማንሺያ የቤቶቹ መስኮት ጥብቅ ነው ይባላል፤ አቧራው ግን በቁልፍ ቀዳዳም መግባት ያውቃል። አሠሪዬ መዳም ከሳሎን ትጣራለች፣ እኔ በየበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ እወትፋለሁ። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። ወንድሜ ጀምበሬ ነበር።

የእሱን ነገር ልጽፍ ስለተነሳሁ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ልናገር።

ጀምበሬ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው፤ በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። የተወለድነው በለሳ ነው። አገራችን ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ የወሰደው፣ ድንጋዩ ያገጠጠ አገር ነው። እናታችን ስትታመም እኔ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ እሱን ያዝኩ፣ እሱ አድጎ አሥረኛ ክፍል ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሆነለትም። የእርከን ሥራ ዘመቻ ሲጀመር ግን ቀበሌው የመስመር ቀያሽ አደረገው። ሁለት እንጨት፣ አንድ ገመድና የውሃ ልክ ይዞ ተዳፋቱን እየዞረ፣ ሰው የት እንደሚቆፍር ምልክት ያደርግ ነበር። በስልክ ሲያወራኝ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ነበር። የትኛው ቦይ እንደያዘ፣ የትኛው እንደተሰበረ።

እኔ ካርቱም በገባሁ በአራተኛው ዓመት እሱም በመተማ በኩል ተከተለኝ። እንዲመጣ አልፈለግሁም ነበር። እኛ ሴቶቹ ወረቀት ባይኖረንም የሰው ግቢ ውስጥ ገብተን እንውላለን፤ ወንድ ግን መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። እንደፈራሁትም ሆነ። በመጣ በወሩ ካላክላ ገበያ አጠገብ ከሻ ያዘው። ከሻ ማለት ፖሊስ ድንገት መንገድ ዘግቶ፣ ኢቃማ የሌለውን፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ማለት ነው፣ በመኪና ጭኖ ሲሄድ ነው። አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ወጣ። ምን እንዳየ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ ግን ቦክሲ የሚሉት የፖሊስ መኪና በአጠገቡ ሲቆም ፊቱ አመድ ይሆናል።

ከዚህ ፍርሃት ያወጣው ኦመር ነው። ኦመር በነጭ ዓባይ ዳር ያለውን የሱንት፣ የግራር ዓይነት ነው፣ ደን የሚያስጠብቅ፣ ዕድሜው የገፋ ሱዳናዊ ነው። ለመዳም ግቢ ችግኝ ሊያመጣ መጥቶ የጉልበት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሲናገር ሰማሁና ወንድሜን ሰጠሁት። ጀምበሬ መጀመሪያ በትንንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አፈር መሙላት ነበር ሥራው። አንድ ቀን ማንም ሳያዘው በየተተከለው ችግኝ ዙሪያ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ክትር ሠርቶ ቆየ፤ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው እዚያው እንዲቆም። ኦመር አይቶ "ይህን ማን አስተማረህ?" ቢለው፣ ቋንቋው ገና ስላልገባው "በለሳ" ብሎ መለሰ። ኦመር በለሳ የሚባል መምህር ያለ መስሎት ብዙ ጊዜ ኖሯል።

በዓመቱ የደን ጠባቂ አደረገው። ደኑ እንግዳ ደን ነው። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ይገባበትና ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይከርማሉ፤ ውሃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ ችግኝ ይተከላል፤ ብርዱ ሲገባ ስሙን የማላውቀው ወፍ ከሩቅ አገር መጥቶ ይሰፍርበታል። ጀምበሬ የሱንት ዘር በፈላ ውሃ ነክሮ ያበቅላል፣ ፍየል ያባርራል፣ መጥረቢያ ይዘው የሚገቡትን ያስወጣል። የሚገርመው መጥረቢያ የያዙትን አይፈራም ነበር። ሦስት ሆነው ሲመጡ ብቻውን ሄዶ ፊታቸው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ዝምታው እያስፈራቸው ይመለሳሉ። አስፋልቱን መሻገር ግን አይችልም። በአራት ዓመት ውስጥ ከደኑ የወጣው ለአምስት በዓል ብቻ ነው። "ደኑ ኢቃማዬ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ነኝ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግብ የማደርስለት። ዋናው በር አስፋልቱ ላይ ስለሆነና ፖሊስ ስለማይጠፋበት፣ በወንዙ ዳር በአትክልት እርሻዎቹ መካከል የምታልፍ ቀጭን መንገድ አሳይቶኝ በእሷ እገባ ነበር። ከእኔ በቀር ለማንም አላሳያትም።

በዚያ ዓመት ኦመር ስለ እሱ ለበላይ ሙፈቲሽ፣ ለተቆጣጣሪው፣ አመለከተ። ማኅተም ያለው ጀዋብ ይጻፍለት ብሎ። ያ ደብዳቤ ካለ ኢቃማ ማውጣት ይቻላል። ሙፈቲሹም አንድ ቀን መጥቶ ችግኙንና ጥበቃውን በዓይኑ ካየ በኋላ እዚያው እንደሚፈርም ቃል ገባ። ከዚያ ወዲያ ጀምበሬ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። "እታለም፣ ጀዋቡ ከወጣ አንቺ ዘንድ በእግሬ መጥቼ በዋናው በር ነው የማንኳኳው" አለኝ አንድ እሑድ። እታለም የሚለኝ ታላቁ ስለሆንኩ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልኩን ሳነሳ ነፋሱ በሱም በኩል በኔም በኩል ይጮህ ነበር።

"እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ፣ ጮክ በል።"

"እሑድ... ሎሪ ይመጣል... ገረድ ሊለቅሙ ነው... ከጠዋቱ አንድ ሰዓት... አንድ ሳይቀር..." ድምፁ ጠፍቶ ተመለሰ። "...ምጪ፣ አደራ" አለኝ። ተቋረጠ።

ደጋግሜ ብደውል ስልኩ ተዘግቷል።

የሱንት ፍሬ በሱዳኖች አፍ ገረድ ይባላል። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። መዳም ጉንፋን ሲይዛት ፍሬውን ፍም ላይ አድርጋ ትታጠነዋለች፣ ገዝቼላትም አውቃለሁ። ጀምበሬ ግን ከእኔ ጋር ሲሆን ሁልጊዜ "ፍሬው" ነበር የሚለው። ደግሞ በዚያ ሰሞን ከባሕሪ ሰፈር በኩል እንደኛ ያሉ የቤት ሠራተኞች ተይዘዋል የሚል ወሬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሰማ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ገረድ ሲል ስለ ዛፍ ፍሬ ማሰብ ቀርቶ ትዝም አላለኝ። ስለ እኛ ነው ብዬ ፎጣውን እንደያዝኩ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ማታ ካላክላ ክፍላችን ስገባ አብረውኝ ለሚኖሩት ነገርኳቸው። አንዷ ሉጥፊያ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ ምላሷ ስለት። ሌላዋ ሙላቷ ከመጣች ሰባት ወሯ ነው፣ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

ሉጥፊያ የጸጉሯን አቧራ እያራገፈች ነበር። "ወንድምሽ ገረድ ነው ያለው? በዚያ አፉ?"

"እንደዚያ ነው የሰማሁት።"

"አራት ዓመት እህቶቼ ሲለን ኖሮ ዛሬ ገረድ ሆንን? ወላሂ ሳገኘው ጆሮውን ነው የምይዘው።"

"እነሱ ያሉትን ደግሞ ነዋ።"

"እነሱማ ሸጋላ ነው የሚሉን። ገረድ የሚል የሱዳን ፖሊስ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አሁን ሳስበው ነገሩ እዚያው ላይ ሊገለጥልን ይችል ነበር። ግን ሙላቷ "ሎሪው ስንት ሰው ይጭናል?" ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ ማናችንም ስለ ቃሉ አላነሳንም።

"ታዲያ ምን አድርጉ አለ?" አለች ሉጥፊያ።

"ምጪ ነው ያለኝ። አደራም ብሏል። ደኑ ውስጥ ሊደብቀን ይሆናል።"

ዓርብና ቅዳሜ ሄጄ ልጠይቀው ነበር። መዳም ግን አልለቀቀችኝም፤ ከሀቡብ በኋላ ቤት ማጽዳት የሁለት ቀን ሥራ ነው። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የመብራት ብርጭቆ፣ የመጽሐፍ ቅጠል ሳይቀር ተወለወለ። ስወለውል አንድ የሻይ ብርጭቆ ሰበርኩ። ጀምበሬ የስልኩን ባትሪ የሚሞላው በዋናው በር፣ አስፋልት ዳር ካለች ሻይ ሻጭ ዘንድ ነው፤ እሷ ደግሞ አቧራው ዳሷን ስላፈረሰባት አልመጣችም ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የስልኩ ዝምታ ሌላ ነገር ነበር የሚነግረኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ከጎረቤት ግቢ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ፣ አምስት ሆንን። ሉጥፊያ ልብሷን በፌስታል አሰረች፣ ሙላቷ የልጇን ፎቶ ጡቷ ሥር ከተተች። ነጠላዬን ለበስኩ፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ እንድመስል። ሃፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ውስጥ የምንተዋወቅ እንዳንመስል ተለያይተን ተቀመጥን። ሹፌሩ በየፌርማታው ሲቆም የሚገባውን ሰው አያለሁ። አንድ ወታደር ገብቶ ከሙላቷ ጎን ሲቀመጥ ከኋላ ሆኜ የአንገቷን ጅማት አየሁት። ሁለት ፌርማታ ሄዶ ወረደ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው የዚያን ሰው ጫማ ነው፣ ክሩ አልታሰረም ነበር።

ከሃፍላው ወርደን በእርሻዎቹ መካከል በዚያች ቀጭን መንገድ መራኋቸው። ደኑ ውስጥ ስንገባ ገና ቀዝቃዛ ነበር። የጀምበሬ ጎጆ ክፍት ነው፣ ደጁ ተጠርጓል፣ እሱ የለም። ለበዓል ብቻ የሚለብሳት ሰማያዊ ሸሚዝ ከተሰቀለችበት ሚስማር ላይ የለችም።

"ይዘውታል" አልኩ።

"ሸሚዝ አልብሰው ነው የሚይዙት?" አለች ሉጥፊያ።

ወደ ችግኝ ዳሱ ገባን። በሸንበቆ የተጠለለ፣ ዝቅ ያለ ዳስ ነው፤ ውስጡ በመደዳ የተደረደሩ ችግኞች፣ እያንዳንዳቸው በከረጢታቸው። ከወትሮው ይልቅ ተስተካክለዋል። በየመደቡ መካከል ተኮራምተን ተቀመጥን። ከዚያ የሎሪ ድምፅ ሰማን። ወደ ከተማው ይሄዳል ያልነው ሎሪ ወደኛ እየመጣ ነበር።

በሸንበቆው ቀዳዳ ካኪ የለበሱ ሰዎች ሲወርዱ አየሁ፣ ሦስት ወይም አራት። ከኋላቸው ጆንያ የያዙ ብዙ ሰዎች። አንዱ ካኪ የለበሰ በእጁ ወደ ዳሱ አመለከተ።

"መጡ" አለች ሙላቷ። ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል አላውቀውም። ሸንበቆውን ጥሰን በወንዙ በኩል ወጣን። ከእግሬ ሥር የፕላስቲክ ከረጢት ሲፈርጥ ይሰማኛል፤ መደቡን በሙሉ ረግጠን ነው የሄድነው። ከዛፎቹ ሥር የወረደው ፍሬ ተከምሮ ነበር፣ ሉጥፊያ ተንሸራታበት ወደቀች። ሙላቷ ዳርቻው ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ እግሯን ልታወጣ በሞከረች ቁጥር ይበልጥ ይውጣታል። እጇን ይዤ ስጎትት ከኋላዬ "እታለም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጀምበሬ ነበር። ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሷል። ማንም አልያዘውም።

"ምን ሆናችሁ ነው? አትምጪ አላልኩሽም?"

"ምጪ ነው ያልከኝ።"

"አትምጪ ነው ያልኩሽ፣ እታለም። ሙፈቲሹ የሚመጣበት ቀን ነው አልኩሽ። ገረድ ይለቀማል አልኩሽ።" ይህን ሲል እጁ ውስጥ የነበረውን ፍሬ አየሁት፤ ጥቁር፣ እንደ መቁጠሪያ የተያያዘ። ያኔ ገባኝ። ሉጥፊያም ገባት መሰለኝ፣ ካለችበት ሳትነሳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ኦመርና ሙፈቲሹ ደረሱ። ሙፈቲሹ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የተሰበረውን ሸንበቆ አየ፣ ቀጥሎ የተረገጠውን መደብ፣ ከዚያ እኛን።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለ በዓረብኛ።

ኦመር ከጀምበሬ ጎን ቆሞ ነበር። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያለውን ሰማሁት፤ አላውቃቸውም በል፣ ያላ፣ አላውቃቸውም በል። ለክፋት አልነበረም። ጀዋቡ በሙፈቲሹ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ጫፉ ወጥቶ ይታይ ነበር። አላውቃቸውም ካለ ጠባቂው ሌባ ያዘ ይባላል፣ ደብዳቤውም ይፈረማል፤ እኛ ደግሞ ከተከለከለ ደን ውስጥ የተገኘን ወረቀት የሌለን አምስት ሴቶች ነን። ሁላችንም ይህን አውቀናል። ጀምበሬ ፊቱ አመድ ሆኗል፣ ያ የማውቀው ፊት። እኔ ሙላቷን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አላውቃቸውም ቢል አልፈርድበትም ነበር፤ እንዲያውም እንዲል ነው የተመኘሁት፣ ወይም እንዳይል፣ ሁለቱንም።

"እህቴ ናት" አለ። "እነዚያም የእሷ ጓደኞች ናቸው።"

"ከየት ገቡ?"

"በወንዙ ዳር። መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ።"

ኦመር ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጀምበሬን ጠይቆ፣ ነገሩን ሊያለዝብ ብሎ እጁን እያወራጨ ስለ ቃሉ አስረዳ፤ በነሱ ቋንቋ ገረድ ማለት ሸጋላ ማለት ነው፣ ፖሊስ ሊለቅማቸው ነው ብለው ነው የሸሹት ብሎ። ጆንያ የያዙት ለቃሚዎች ሳቁ። አንዱ "አንድ ጆንያ በስንት ትሄዳለች?" አለ። ሙፈቲሹም መሳቅ ጀምሮ ነበር፣ ግን የተረገጠውን መደብ እንደገና ሲያይ ተወው።

"መንገዱን እህቱ ካወቀችው ነገ ጓደኞቿ ያውቁታል" አለ ለኦመር። "ከነገ ወዲያ መጥረቢያ የያዘውም ያውቀዋል። ጠባቂ ብለህ የጻፍክልኝ ይህን ነው?" ጀምበሬን ግን አልተቆጣውም። የጀዋቡን ጫፍ በጣቱ ወደ ኪሱ ገፋ አደረገውና ፍሬው ወደሚለቀምበት ሄደ። እኛን ለፖሊስ አልሰጠንም። በዋናው በር ውጡ አለን፣ ወጣን። ሙላቷ አንድ እግሯ ባዶ ነበር፤ ጫማዋ እዚያው ቀረ።

ጀምበሬን ወሩን ጨርስና ሂድ አሉት። በቀሩት ቀናት የረገጥናቸውን ችግኞች አንድ በአንድ አዲስ ከረጢት ውስጥ እያዛወረ እንደነበር ኦመር ነግሮኛል። ማንም አላዘዘውም። ግማሹ ድኗል አሉ።

ከዚያ ካላክላ ከእኛ ጋር መጋረጃ ጋርዶ ተቀመጠ። ሉጥፊያ ጆሮውን አልያዘችውም። ምግብ ታቀርብለትና ትወጣለች፣ ቀልዷም ጠፋ። ጀምበሬ አንድም ቀን ምነው ተሳሳትሽ አላለኝም። ይልቅ ያስጨነቀኝ ፍርሃቱ ነበር። ቦክሲ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር በሩ ጀርባ ይቆማል፤ ካለፈም በኋላ ቆሞ ይቆያል። ሰውነቱ እየሳሳ ሄደ። በሐምሌ ውሃው ወደ ደኑ መግባት ሲጀምር፣ "ዘንድሮ የሚተከለውን እኔ አይደለሁም የምተክለው" አለኝ፣ ያን ብቻ። በነጋታው እንዲህ ተደብቆ ከመኖር ወደ አገሩ መመለስ እንደሚሻለው ወሰነ። ገዳሪፍ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ እስከ ድንበሩ እንዴት እንደሄደ አልነገረኝም። መተማ ገብቻለሁ ብሎ ሲደውልልኝ መዳም ፊት ነበርኩ፣ ማልቀስ አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ። ኦመር ጡረታ ወጥቷል። በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በቀጥታ ቤቴ እገባለሁ።

ጀምበሬ አሁን መተማ አካባቢ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነው። ከረጢት ይሞላል፣ ውሃ ያጠጣል፣ በክረምት ተዳፋቱ ላይ ክትር ይቀይሳል። የሚኖረው እዚያው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው።